የጎላ ሁሉ ምርጥ አይደለም፦ አዳዲስ የሙዚቃ ፕለጊኖች እንዴት ይሞከራሉ?

ጥርባ፦ አርሶ አደር አዲስ የድንች ዘር ሲመጣለት ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሸፍንበትም። ጥቂት መደብ ይለያል፤ ከጎኑ የለመደውን ዘር ይተክላል፤ ለሁለቱም እኩል ማዳበሪያ ይሰጣል፤ እኩል ይኮተኩታል። ምርቱ ሲደርስ መዝኖ ይፈርዳል። ለአንደኛው መደብ ማዳበሪያ አብዝቶ ሌላውን ቢነሳው ግን ያወዳደረው ዘሩን ሳይኾን ማዳበሪያውን ነው።

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወጣቶችም ተመሳሳይ ፈተና ይገጥማቸዋል። በየወሩ አዲስ ፕለጊን ይወጣል። እያንዳንዱም ዘፈኑን የጠራ፣ የደመቀና የበረታ እንደሚያደርግ ይነገርለታል። ወጣቱ ይጭነዋል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ድምፁም በእርግጥ የተሻለ ኾኖ ይሰማዋል። ብዙ ጊዜ የተለወጠው ግን የድምፁ ጥራት ሳይኾን ጉልህነቱ ነው። የሰው ጆሮ በጥቂቱ የጎላውን ድምፅ ይበልጥ ያማረ አድርጎ የመቀበል ጠባይ አለውና።

ጉዳዩ የስቱዲዮ ሰዎች ብቻ አይደለም። ዛሬ ከጥርባ እስከ ዳንግላ፣ ከእንጅባራ እስከ ቻግኒ አንድ ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫ ያለው ወጣት መኝታ ክፍሉን መቅረጫ ስቱዲዮ ሊያደርገው ይችላል። ላፕቶፑ የተገዛው በቤተሰቡ የድንች ወይም የዲከረንስ ከሰል ሽያጭ ሊኾን ይችላል። ስለዚህ ለማያስፈልግ ፕለጊን የወጣ ገንዘብ ከማሳ የወጣ ገንዘብ ነው። የሚቀረጸው የሠርግ ዘፈንም ኾነ የአዛውንት ፉከራ ደግሞ ድጋሚ የማይገኝ ሊኾን ይችላል።

ለዚህ ማብራሪያ ምሳሌ የሚኾነው ሄቪ ሜታል የተባለው የሙዚቃ ዓይነት ነው። ለአካባቢው ጆሮ እንግዳ ቢመስልም የድምፅ መሣሪያን ጥራት ለመፈተን የእርሱን ያህል አስቸጋሪ ሙዚቃ ጥቂት ነው። ከአዊ ጋር የሚያገናኘው ክርም አለው።

ከቻግኒ የተነሣው ድምፅና ላስዌል

ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) የተወለደችው በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ በቻግኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ የተሰየመው አልበም ለዓለም ገበያ ሲቀርብ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነበር። ላስዌል ከዚያ 15 ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ሞተርሄድ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን ያወጣውን አልበም ፕሮዲዩስ አድርጓል። ሞተርሄድ በፍጥነቱና በሻካራ ድምፁ ብዙ የሜታል ቡድኖች አርአያ ያደረጉት ቡድን ነው። ላስዌል እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ በጠንካራ የኤሌክትሪክ ጊታር የአገር ቤት ዜማ የሚጫወተውን የጃኖ ባንድን “ኤርታሌ” አልበም ፕሮዲዩስ አደረገ።

እንግዲህ በሜታል ጩኸት መካከል የሠሩት ጆሮዎች የቻግኒዋን ድምፅም አስተናግደዋል። ከዚህም የበለጠ አስተማሪ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 “ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ” በሚል ስም የወጣው የጂጂ አልበም ላስዌል የ2001ዱን አልበም እንደገና ሚክስ ያደረገበት ሥራ ነው። ድምፃዊቷ ያችው ናት፤ የመነሻው ቅጂም ያው ነው። ኾኖም ሁለቱን አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት የተለያዩ ዓለማት ይሰማል። በአንደኛው ዜማው ፊት ለፊት ቆሞ ይደመጣል፤ በሌላኛው ድምፁ እንደ ጉም እየራቀና እየቀረበ ይንሳፈፋል። ሚክሲንግ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ሚክሲንግና ማስተሪንግ ምንድን ናቸው?

በዘመናዊ አቀራረጽ እያንዳንዱ መሣሪያ በየራሱ መስመር ይቀረጻል። ከበሮው ለብቻ፣ ቤዙ ለብቻ፣ ጊታሩ ለብቻ፣ ድምፃዊውም ለብቻ ይቀመጣል። ሚክሲንግ እነዚህን መስመሮች አመጣጥኖ አንድ ዘፈን ማድረግ ነው። የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል፣ የትኛው ወደ ግራ፣ የትኛው ወደ ቀኝ ይሁን የሚለው በዚህ ደረጃ ይወሰናል።

ማስተሪንግ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የተዋሐደውን ዘፈን በአንድነት አይቶ የመጨረሻውን እርማት ማድረግ ነው። በአልበም ውስጥ ያሉት ዘፈኖች በድምፅ መጠንና በቃና እንዲቀራረቡ፣ በስልክም በትልቅ ስፒከርም ሲከፈቱ እንዳይበላሹ ይደረጋል። በሚክሲንግ የተበላሸውን ማስተሪንግ ፈጽሞ አይጠግነውም። በቀረጻ ጊዜ የተበላሸውንም ሚክሲንግ ሙሉ በሙሉ አያድነውም።

ይህ ክፍፍል ሁልጊዜ አልነበረም። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምኃ ሪከርድስን መሥርቶ የአለማየሁ እሸቴንና የሌሎች ዘፋኞችን ዲስኮች ማሳተም ሲጀምር ዘፋኙና ባንዱ በአብዛኛው በአንድነት እየተጫወቱ ይቀረጹ ነበር። አንዱ ሲሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ሚዛኑ የሚጠበቀው በተጫዋቾቹ እጅና ከማይክሮፎኑ ባላቸው ርቀት ነው። እነዚያ ዘፈኖች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ይደመጣሉ።

ፕለጊን እና ሥራው

ቀድሞ ድምፅን የሚያስተካክሉ መሣሪያዎች ከብረትና ከሽቦ የተሠሩ፣ ክፍል የሚሞሉና እጅግ ውድ ነበሩ። ፕለጊን የእነዚያን መሣሪያዎች ሥራ በኮምፒውተር ስሌት የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ስሙም እንደሚያመለክተው በራሱ አይሠራም፤ መቅረጫና ማቀናበሪያ በኾነው ዋና ፕሮግራም ላይ ይሰካል። ስታይንበርግ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቪኤስቲ የተሰኘውን የመሰኪያ ሥርዓት ካስተዋወቀ በኋላ ማንኛውም ፕሮግራም ጸሐፊ የራሱን ፕለጊን ሠርቶ ማሰራጨት ቻለ። የዛሬው ብዛት የመጣው ከዚያ ነው።

ዓይነታቸው እጅግ ቢበዛም ዋና ዋናዎቹ ጥቂት ናቸው። ኢኳላይዘር ከድምፁ ውስጥ ወፍራሙን፣ መካከለኛውን ወይም ቀጭኑን ክፍል ለይቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ኮምፕሬሰር በጣም የጎላውን ዝቅ በማድረግ በጎላውና በቀሰሰው መካከል ያለውን ርቀት ያጠብባል። ሊሚተር የመጨረሻው አጥር ነው፤ ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ይከለክላል። ዲስቶርሽን ድምፁን ሆን ብሎ ያሻክራል። ሪቨርብ ደግሞ ድምፁ በሰፊ አዳራሽ ወይም በዋሻ ውስጥ የተሰማ ያህል እንዲያስተጋባ ያደርጋል።

ሜታል ለምን ጥሩ መፈተኛ ኾነ?

ብላክ ሳባዝ የተባለው የበርሚንግሃም ቡድን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1969 በአንድ ቀን ውስጥ ቀርጾ በየካቲት 1970 አወጣ። ብዙዎች የሄቪ ሜታል መነሻ አድርገው የሚቆጥሩት ይህን አልበም ነው። የቡድኑ ጊታር ተጫዋች ቶኒ አዮሚ በወጣትነቱ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦበታል። ጣቶቹን እንዳያምመው ቀጫጭን ክሮችን መጠቀም ጀመረ፤ በኋላም ክሮቹን አላልቶ አወረዳቸው። ክሮቹ ሲላሉ ድምፁ ወፈረ፣ ከበደም። ያ ክብደት የሙዚቃው መለያ ኾነ።

የዚህ ሙዚቃ ችግር ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ቦታውን ሁሉ ለመያዝ መፈለጉ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20 ሺህ ንዝረት ያለውን ድምፅ መስማት ይችላል። በተለመደው ቅኝት የጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ገደማ ይንቀጠቀጣል፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ጊዜ። ጊታሩ በዲስቶርሽን ሲያልፍ ግን የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ከቁርጡም በርካታ ተጨማሪ ድምፆች ይወለዳሉ። አንዱ ጊታር ከታች እስከ ላይ ይሞላል። የድምፃዊው ጩኸትና የከበሮው ሳህኖች ከእርሱ ጋር ለአንድ ቦታ ይሻማሉ።

ፍጥነቱም አለ። በደቂቃ 200 ምት በሚጓዝ ዘፈን ውስጥ ከበሮ መቺው በሁለት እግሩ በእያንዳንዱ ምት አራት ጊዜ ሲረግጥ በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ይመታል ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነት ጥድፊያ ጥቂት ሪቨርብ ቢበዛ ምቶቹ ተደበላልቀው እንደ ጭቃ ይለነቀጣሉ። ኮምፕሬሰሩ ቶሎ ካልለቀቀ ቀጣዩ ምት ተውጦ ይቀራል። በሌላ ሙዚቃ ተደብቆ የሚያልፍ የፕለጊን ጉድለት በሜታል ላይ ወዲያው ይጋለጣል። ስለዚህም አዲስ መሣሪያን ለመፈተን እንዲህ ጥቅጥቅ ያለ ሙዚቃ ይመቻል።

የጉልህነት ወጥመድ

ፍሌቸርና ሙንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት ጆሮ ለሁሉም ድምፅ እኩል ስሜት እንደሌለው አሳይተዋል። ድምፁ ሲቀንስ ወፍራሙን የድምፅ ክፍል የመስማት አቅማችን ይበልጥ ይዳከማል። ሲጎላ ግን ወፍራሙ ተመልሶ ይሰማል፤ ዘፈኑም የሞላና የተሟላ ይመስላል። አንድ ፕለጊን ሲከፈት ድምፁን በአንድ ዴሲቤል ያህል ከፍ ቢያደርግ አድማጩ “ጎላ” ላይል ይችላል፤ “አማረ” ይላል እንጂ። ብዙ ፕለጊኖች ደግሞ ገና ሲከፈቱ ድምፁን ከፍ ያደርጋሉ።

ይህ የጆሮ ጠባይ ለዓመታት የሙዚቃ ኩባንያዎችን በውድድር አሰልፏል። እያንዳንዱ ዘፈኑ ከሌላው ጎልቶ እንዲሰማ ይፈልጋል። ይሁን እንጂ ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው። የጣሪያው ልክ ዜሮ ዴሲቤል ሲኾን ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር የለም። ጆንያ ከሞላ በኋላ እየጠቀጠቁ መጨመር ይቻል ይኾናል፤ በመጨረሻ ግን ስፌቱ ይተረተራል። በሙዚቃም ሊሚተሩ ሲበዛ የከበሮው ምት ጫፉ ተቆርጦ ጉልበቱን ያጣል። ቀስ ያለውና የጎላው ክፍል እኩል ይኾናሉ። አድማጩም ምክንያቱን ሳያውቅ ይታክተዋል።

ለዚህ የታወቀው ምሳሌ የመጣው ከሜታል ነው። ሜታሊካ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2008 “ዴዝ ማግኔቲክ” የተሰኘ አልበም አወጣ። አልበሙ በአሜሪካ የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ቢኾንም ደጋፊዎቹ ድምፁ እንደሚሰነጣጠቅ ማጉረምረም ጀመሩ። ዘፈኖቹ “ጊታር ሂሮ” በተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥም ስለነበሩ ሁለቱን ማወዳደር ቻሉ። የጨዋታው ቅጂ ያን ያህል ያልተጨፈለቀ ነበርና ከበሮው በግልጽ ይሰማል። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች አልበሙ እንደገና ሚክስ እንዲደረግ በፊርማ ጠየቁ። ማስተሪንጉን የሠራው ቴድ ጄንሰን ሥራው እጁ ሲደርስ ቀድሞውኑ የተጨፈለቀ እንደነበር ገልጿል። የዓለም ታላላቅ ስቱዲዮዎችን መግዛት የሚችል ቡድን በዚህ ወጥመድ ከወደቀ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራ ወጣት ምን ያህል ሊጠነቀቅ እንደሚገባው መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ውድድሩ ትርፉን እያጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጉልህነትን በጆሮ ጠባይ ልክ የሚለካ ስሌት አወጣ። መለኪያው ኤልዩኤፍኤስ ይባላል። በ2010 የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ለሥርጭት ከዜሮ በታች 23ን ልክ አድርገው ያዙ። ስፖቲፋይ በተለመደው አደራረጉ ዘፈኖችን ወደ 14 ከዜሮ በታች ያስተካክላል፤ ዩቲዩብም እጅግ የጎሉትን ዝቅ ያደርጋል። አንድ ወጣት ዘፈኑን ጨፍልቆ ከዜሮ በታች 7 ቢያደርሰው ስፖቲፋይ መልሶ በ7 ዴሲቤል ያወርደዋል። ጉልህነቱ ይቀራል፤ የተቆረጠው የከበሮ ጫፍ ግን አይመለስም።

እንደ ማሳ ሙከራ

ታዲያ አዲስ ፕለጊን እንዴት ይፈተን? የግብርና ባለሙያ የሚከተለው ሥርዓት እዚህም ይሠራል፤ አንዱን ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን ሁሉ እኩል አድርግ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ ከዘፈኑ ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ይመረጣል። ሁሉም መሣሪያ በአንድ ላይ የሚሰማበት ቢኾን ይመረጣል። ይህ ክፍል የሙከራው መደብ ነው። ለሁሉም ፕለጊን ይኸው ይሰጣል።

ቀጥሎ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ይመጣል፤ ጉልህነቱን እኩል ማድረግ። ፕለጊኑ ሲዘጋና ሲከፈት ያለው መጠን በጉልህነት መለኪያ ይታያል። የሚበልጠው በፕለጊኑ የመውጫ ማስተካከያ ዝቅ ይደረጋል። ሁለቱ ቁጥሮች ሳይገጥሙ የሚሰጥ ፍርድ ዋጋ የለውም። ብዙ “ተአምረኛ” መሣሪያዎች በዚህ ደረጃ ላይ ተአምራቸው ይጠፋል።

ሦስተኛው ዐይንን መከልከል ነው። ባለቀለም መርፌዎችና ያሸበረቀ ገጽታ ጆሮን ያታልላሉ። ስለዚህ ጓደኛ ተቀምጦ ፕለጊኑን ይክፈት፣ ይዝጋ፤ አድማጩ ፊቱን አዙሮ የትኛው እንደኾነ ይናገር። ይህ 10 ጊዜ ይደገም። በግምት ብቻ የሚመልስ ሰው በአማካይ አምስቱን ያገኛል። ዘጠኝና ከዚያ በላይ በዕድል የማግኘት አጋጣሚው ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው። አምስትና ስድስት ያገኘ ሰው ልዩነቱን እየሰማ አይደለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ገንዘቡን ያስቀምጥ።

ሁለት ፕለጊኖች አንድ ዓይነት ሥራ ይሠሩ እንደኾነ ለማወቅ ደግሞ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንደኛውን ሞገድ መገልበጥና ማደማመር ነው። ፍጹም እኩል ከኾኑ አንዱ ሌላውን ያጠፋውና ጸጥታ ይቀራል። የሚሰማ ነገር ከቀረ ልዩነታቸው እርሱ ነው። በነጻ የተገኘው ኢኳላይዘርና በብዙ ዶላር የተገዛው ተደማምረው ጸጥ ካሉ መልሱ ተገኝቷል።

አምስተኛው ውጤቱን ሕዝቡ በሚሰማበት ቦታ መስማት ነው። በገጠርና በከተማ ብዙ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በስልክ፣ በባጃጅ ውስጥ፣ በሠርግ ድንኳን ደግሞ በሞንታርቦ ነው። ብዙ ጊዜ ሞንታርቦው አንድ ብቻ ይኾናል። ድምፅን ወደ ግራና ቀኝ የሚያሰፉ አንዳንድ ፕለጊኖች በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ያስደንቃሉ፤ ግራና ቀኙ በአንድ ስፒከር ሲጣመር ግን ጊታሩ ወይም ክራሩ ሊደበዝዝ ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ዘፈኑን በአንድ መስመር አድርጎ ማዳመጥ የግድ ነው።

በመጨረሻም አድሮ መፍረድ ይገባል። ጆሮ ይደክማል። ሌሊት ያማረው ሲነጋ ይሻክራል። ጠዋት በቀሰስተኛ ድምፅ ተከፍቶ፣ ፕለጊኑ ሲዘጋ የሚጎድል ነገር ከሌለ፣ መሣሪያው አላስፈለገም።

ስለ ገንዘቡ

ለመጀመር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ሪፐር የተባለው የማቀናበሪያ ፕሮግራም ለ60 ቀናት በነጻ ይሞከራል፤ ለግለሰብ የሚሸጥበት የቅናሽ ዋጋም 60 የአሜሪካ ዶላር ነው። ኢኳላይዘርና ኮምፕሬሰር አብረውት ይመጣሉ። ቲዲአር ኖቫ የተባለው ኢኳላይዘርና ዩሊን የተባለው የጉልህነት መለኪያ ነጻ ቅጂ አላቸው። ለሜታል ጊታር ደግሞ ኒውራል አምፕ ሞዴለር የተባለው ፕለጊን በነጻ ይገኛል። እውነተኛ የጊታር ማጉያ የሚያወጣውን ድምፅ በኮምፒውተር ትምህርት አጥንቶ የሚመስል መሣሪያ ነው፤ የተጻፈበት ኮድም ለሁሉም ክፍት ነው።

ብዙ ወጣቶች ዋጋውን ፈርተው ወይም በዶላር መክፈል አስቸግሯቸው ክራክ የተደረገ ፕለጊን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይቀባበላሉ። ይህ የሌላን ሰው ድካም መውሰድ ከመኾኑም በላይ ላፕቶፑን ለቫይረስ ያጋልጣል። ለወራት የተቀረጸ ሥራ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ነጻ የኾኑት መሣሪያዎች ባሉበት ይህን አደጋ መቀበል አያዋጣም።

ለፈረስ ጭራው ድምፅ

የአዊ ሕዝብ በፈረስ ይታወቃል። በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ሲከበር ፉከራው፣ ቀረርቶው፣ የፈረሱ ኮቴና የሕዝቡ ሆታ አንድ ላይ ይፈልቃል። የማሲንቆ ክርም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ ነው። የጭራው ከጭራ ጋር መፋተግ የሚያወጣው ሻካራ ትንፋሽ የመሣሪያው ነፍስ ነው።

ለሜታል ጊታር ተብሎ የተዘጋጀ የፕለጊን ቅንብር ማሲንቆ ላይ ቢጫን ያንን ትንፋሽ እንደ ጥፋት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይችላል። ለሜታል ከበሮ የተዘጋጀውም ለቆዳ ከበሮ ላይ የሌለውን የብረት ቀጭታ ይጨምርበታል። ዝግጁ ቅንብሮች የተሠሩት ለሌላ ማሳ ነው። ከሜታል ባለሙያዎች ሊወሰድ የሚገባው ቅንብራቸው ሳይኾን ጥንቃቄያቸው ነው። በእኩል ጉልህነት ማወዳደር፣ አንዱን ብቻ መለወጥ፣ ሳያዩ መስማት ለማሲንቆም ለዋሽንትም ይሠራል።

ጆሮን መጠበቅም የዚሁ ሥራ አካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት የሚደመጥ ድምፅ ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። 90 ዴሲቤል ላይ ሲደርስ የሚመከረው ጊዜ በሳምንት ወደ አራት ሰዓት ይወርዳል። በከፍተኛ ድምፅ የተጎዳ ጆሮ አይታደስም፤ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ የትኛውንም ፕለጊን መፈተን አይችልም።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር መደረግ አለበት። ምንም ፕለጊን ያልነካው የመጀመሪያው ቅጂ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። አንዱ በላፕቶፑ፣ ሌላው በውጪ ዲስክ ወይም በፍላሽ። የ2001ዱ የጂጂ ድምፅ በ2003 እንደገና ሊሠራ የቻለው የመነሻው ቅጂ ስለነበረ ነው። ዛሬ በጥርባ የሚቀረጽ የአንድ አዛውንት ፉከራም ከ20 ዓመት በኋላ በተሻለ መሣሪያና በተሻለ ጆሮ እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ተጨፍልቆ ብቻ ከተቀመጠ ግን ባለቤቱ ካለፈ በኋላ የሚመልሰው የለም። አርሶ አደር ቢቸግረው እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን አይነካም። ያልተነካው ቅጂም የሙዚቀኛው ዘር ነው።